ከቬንትሌተሩ በፊት ቆርቆሮው፦ ለወሎ ቆላማ ከተሞች የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኮምቦልቻ፣ ለባቲ፣ ለከሚሴ፣ ለሐርቡ፣ ለመርሳ፣ ለቆቦና በቆላው ለሚገኙ ሌሎች የወሎ ከተሞች የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤቶች፤ እንዲሁም ቤት ለሚሠራና ለሚያከራይ ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በሙቀቱ ወራት ቤቶቻችን በአነስተኛ ወጪና ያለ ብዙ መብራት እንዲቀዘቅዙ፣ ነገሩ በፕላን ማጽደቅና በመንግሥት ሕንፃዎች ግንባታ ላይ እንዲታሰብበት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

እኔ በኮምቦልቻና በዙሪያዋ ቤት በመሥራት የምተዳደር ፎርማን ነኝ። ሚያዝያ በገባ ቁጥር ያሠራሁላቸው ሰዎች ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ቬንትሌተር ልግዛ?» ይሉኛል። ጥያቄው ከመጨረሻው የተጀመረ ነው። በእኛ ቆላ ቤትን በዋናነት የሚያሞቀው ከላዩ የተመታው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው እንደጋለ ከሥሩ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ያንኑ ትኩስ አየር ከማመላለስ አያልፍም። ስለዚህ የምለምናችሁ ጉዳይ አንድ ነው፦ በቆላማው ወሎ የሚሠራ ቤት፣ በተለይም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራው፣ ከጣሪያው ጀምሮ ለሙቀት የታሰበ መሆኑን ፕላን ስታጸድቁ እዩልን።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ። ይሁንና ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር ይወርዳሉ። ከፍታው 1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ደሴ ጋቢ ደርቦ የሚያመሽ ሰው ቆቦ ሲወርድ ነጠላውም ይከብደዋል። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ግን የቤቱ ፕላን አንድ ነው። ለደጋ የተነደፈ፣ መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው እምብዛም የማይወጣ፣ ኮርኒሱ «በኋላ ይሠራል» ተብሎ የተተወ ቤት ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ተቀድቶ ይመጣል፤ ማኅተሙም ያንኑ ያህል በፍጥነት ይመታበታል።

ጣሪያው ለምን ከግድግዳው ይልቅ እንደሚጎዳን ለማየት የፀሐይዋን መንገድ መከተል ይበቃል። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ አንስቶ እስከ ነሐሴ ድረስ ፀሐይ በቀትር ወይ በቀጥታ አናታችን ላይ ወይ ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብላ ትውላለች። ያን ሰዓት ግድግዳውን እምብዛም አታገኘውም፤ ጣሪያው ግን ሙሉ በሙሉ ፊቷ ላይ ነው። ደመና በሌለበት ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1,000 ዋት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ተራ ቤት 50 ኪሎዋት ያህል ይቀበላል ማለት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል ብለን ብናሰላው፣ ከ12 የማያንሱ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ ተጥደዋል እንደማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ የሚንፀባረቅ አለ፣ ነፋስ የሚወስደውም አለ። ሆኖም ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ትንሽ ድርሻ እንኳ አንድ ክፍል ቤት አላስቀምጥ ለማለት ይበቃዋል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኮርኒስ ወደሌለው ሰርቪስ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ቁጥር አያስፈልገውም። ሙቀቱ በአየሩ ብቻ ሳይሆን ከላይ በቀጥታ አናት ላይ ይወርዳል፤ ደመና ፀሐይዋን ሸፈን ሲያደርጋት ቆርቆሮው እየተኮማተረ በየምስማሩ ላይ ቷ፣ ቷ ይላል። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የተመለሰች ተከራይ በዚህ ቤት ውስጥ ቀን መተኛት አትችልም፤ ፍራሿን አውጥታ በአጥሩ ጥላ ሥር ታነጥፋለች፣ ጥላው በዞረ ቁጥርም አብራ ትዞራለች። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለኪራይ ተብለው የተሠሩት የቆርቆሮ ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ ይህ ደብዳቤ ከማንም በላይ የሚመለከተውም በእነዚያ ክፍሎች የሚኖረውን ሰው ነው።

መፍትሔው ከቀለም ይጀምራል። አዲስ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል 70 ከመቶና ከዚያ በላይ መልሶ ይልካል፤ የዛገ ወይም ጥቁር ቡናማ ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ይውጣል። «አዲስ ቆርቆሮ ራሱ ያብረቀርቅ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ባዶ ብረት አንዴ የዋጠውን ሙቀት በቀላሉ ወደ ሰማይ አይለቅም፣ ስለዚህ እያብረቀረቀም ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ ይመልሳልም ይለቃልም። ማመን ለሚከብደው መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ አንዱን በነጭ የውጭ ቀለም ቀብታችሁ፣ ሌላውን እንዳለ ትታችሁ፣ በቢሯችሁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና ከምሳ መልስ በእጃችሁ ዳስሷቸው። ከዚያ በኋላ ክርክር የሚቀር አይመስለኝም።

ቅቡ ዘላቂ እንዲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዛገው ቆርቆሮ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ አቧራው ታጥቦ፣ ዝገት መከላከያው አንቲረስት ከተቀባ በኋላ ነው ነጩ የውጭ ቀለም ሁለት ጊዜ የሚደረብበት። ኖራ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው በኖራ ይሞክረዋል፤ ኖራ ለግድግዳ ድንቅ ነገር ሲሆን ለቆርቆሮ ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ይሄዳል፣ እርጥብ ሆኖ ሲቆይም የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላዋል። ጊዜው ደግሞ ከገና በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ከጀመረ ቀለሙ ሳይጨብጥ ይወርዳል። የጣሪያ ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅም ቤት ከቀባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች መድፋት አለበት። አቧራም በጊዜ ብዛት ነጩን ያደበዝዘዋልና በዓመት አንድ ጊዜ መጥረግ አይከፋም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ሳንቲም ሳይጨመር ሊደረግ የሚችለው ነገር መቅረቱ ነው። አሁን ብዙው ሰው የሚገዛው ባለቀለሙን ኢጋ ቆርቆሮ ነው፤ ከሱቁ ሲገዛ ግን ጥቁር ቡናማውን፣ ደማቅ ቀዩን ወይም ጥቁር አረንጓዴውን ይመርጣል፣ ምክንያቱም የጎረቤቱ እንደዚያ ነው። ነጣ ያለው ወይም ክሬሙ በተመሳሳይ ዋጋ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። በአንዳንድ ከተማ ለዋና መንገድ ዳር ቤቶች የጣሪያ ቀለም «ለውበት» ተብሎ ሲወሰንም ሰምቻለሁ፤ ካልቀረ የሚወሰነው ቀለም ነጣ ያለ ይሁን።

ቀጥሎ ኮርኒስ ነው። ችፑድ መግዛት ያልቻለ በአቡጀዲ፣ እሱንም ያልቻለ በታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም በሰሌን ይሠራዋል፤ ማንም እንዳይንቀው፣ ምክንያቱም ከጋለው ቆርቆሮና ከሰው አናት መካከል አንድ ሽፋን መግባቱ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን ኮርኒሱን ሠርቶ ከላይ ያለውን ክፍት ቦታ ጥርቅም አድርጎ የሚደፍን ባለሙያ ግማሹን ጥቅም አጥፍቷል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚጠራቀመው ትኩስ አየር መውጫ ያስፈልገዋል፤ በሁለቱ ጫፍ ባለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ተትቶ አይጥና ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ሲመታበት፣ በጣሪያው ጠርዝ ሥርም ትንሽ ክፍተት ሲቀር፣ አየሩ በታች ገብቶ በላይ ይወጣል። ይህን ለማድረግ አንድ ሜትር ሽቦና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። አቅም ያለው ደግሞ ሞራሌው ክብደቱን እንዲችል አድርጎ በእንጨት ኮርኒስ ላይ ጭቃና ጭድ በስሱ ሊለስንበት ይችላል። ደረቅ ሣርና ጭድ ብቻውን መደልደል ግን ከመብራት ሽቦ ጋር አይስማማም፤ እሳት ያስነሳል፣ ምስጡንም ይጠራል።

ስለ ግድግዳ ብዙ አልጽፍም፤ አባቶቻችን ስለሚያውቁት። በደዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ ያለችው የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬ በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀች ናት፤ እንዲያ ያለ ወፍራም ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜም ውጪው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጭቃ ቤትም በደንብ ከተመረገና ከወፈረ ከስስ ብሎኬት ይሻላል፤ ጭቃውን አፍርሶ ባዶ ብሎኬት መገንባት ዕድገት ተደርጎ መታየቱ ለእኔ አይዋጥልኝም፣ ምንም እንኳ እንጀራዬ ከብሎኬቱ ቢሆንም። ለቆመ ቤት ግን የሚጠቅመው የምዕራቡን ግድግዳ ከፀሐይ መጠበቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል የጣሪያ ጠርዝ አይከልላትም፤ ያ ግድግዳ እስከ ምሽት እየጋለ ቆይቶ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቃል። በኖራ ነጭ ማድረግ፣ ጥላ ማበጀት፣ ቢያንስ አልጋውን ከእሱ ማራቅ ይቻላል። በርና መስኮታችን አብዛኛው ላሜራ ነው፤ እሱም ቡናማ ወይም ጥቁር ከሚቀባ ነጣ ያለ ቢቀባ እጅ አያቃጥልም። ለመስታወት መስኮት ደግሞ መጋረጃ ከውስጥ ከሚሰቀል ሰሌን ከውጭ ቢንጠለጠል ይመረጣል፤ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃው የሚያቆመው ብርሃኗን እንጂ ሙቀቷን አይደለም።

መስኮት መቼ ይከፈት የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አንድ ዓይነት መልስ የለውም፤ በሬዲዮና በስልክ የሚናፈሰው «ቀን ዝጉ፣ ሌሊት ክፈቱ» የሚለው ምክርም ለሁሉም አይሠራም። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱም የተሠራ ቤት ቀን ቢዘጋ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይውላል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ግን ከቀትር በኋላ ከውጭው አየር የበለጠ ስለሚሞቅ ቢዘጋ ይብሳል፤ እሱ ከፊት ለፊትም ከጀርባም በኩል መከፈት አለበት። ነፋስ እንዲያልፍ መግቢያና መውጫ ያስፈልጋልና፣ በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያለው ክፍል በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ትንሽ መተንፈሻ ሊበጅለት ይገባል። ሌሊት መክፈት ደግሞ በእኛ አካባቢ ሁለት ጠላት አለው፣ ሌባና የወባ ትንኝ። ብረት ፍርግርግና ወንፊት ነፋሱን ጥቂት ቢቀንሱትም ከተዘጋ መስኮት ይሻላሉ፤ አጎበሩም በዚህ ምክንያት አይቀር። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል፤ ሙቀቱ ይቅርና ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። የከሰዓቱን ቡና ከነጀበናው ወደ ዛፉ ጥላ ማውጣት ክፍሉን ከምድጃ ሙቀት ያድናል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ የሚነድ ከሰል ቀላል አይደለም፣ ደግሞም ወሎ ውስጥ ጥላ ሥር ቡና መጠጣት ማንንም አይከፋም።

ግቢውም ይታሰብበት። አሁን ዘመናዊ የሚባለው ግቢ ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ የተደረገ ነው፤ ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ከሊሾው ላይ ሁለት ሦስት ካሬ ሜትር ተከፍቶ በምዕራብ በኩል አንድ ኒም ወይም ማንጎ ቢተከል፣ ኒም ቆላችንን የለመደና ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግድግዳውን ይሸፍናል። ዋርካ ጥላው የሚወደድ ቢሆንም ሥሩ መሠረት ይሰነጥቃልና ለአደባባይ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ዛፍ እስኪደርስ የማይጠብቅ ሰው በእንጨት ዳስ ላይ ቅል ወይም ዱባ ቢያወጣ በአንድ ወቅት ጥላ ያገኛል። ውኃ በሚቸግርበት ከተማ ግቢ እርጩ ብዬ አልመክርም፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃ ግን ከመፍሰሱ በፊት ማምሻውን መሬት ላይ ቢረጭ ያቀዘቅዛል። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ እንጂ፣ በሐምሌው ወበቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው የቬንትሌተሩ ተራ። አንድ ቬንትሌተር 60 ዋት ቢወስድና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ 1,200 ዋት የሚወስድ ኤሲ ሳያርፍ ያንኑ ሰዓት ቢሠራ 360 ነው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ ልዩነቱ በቢሉ ላይ ከዚህም ሰፍቶ ይታያል። ቬንትሌተር ሰውን እንጂ ቤትን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ተከፍቶ መተው ብክነት ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱ ይበዛል፤ በ9 ዋት ኤልኢዲ መለወጡም በዚሁ ይታሰብ።

ከእናንተ የምጠይቀው እነሆ። የአዲስ ሰፈር ሽንሸና ስታወጡ፣ ቦታው በፈቀደ መጠን ቤቶች ረጅም ጎናቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙረው እንዲሠሩ፣ ማለትም ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩት ግድግዳዎች አጭሮቹ እንዲሆኑ አድርጋችሁ መሬቱን ከፋፍሉት፤ መንገዱ አንዴ ከወጣ በኋላ ይህን የሚያስተካክል ባለቤት የለም። ፕላን ለማጽደቅ የምትመረምሩ ባለሙያዎች ኮርኒሱን፣ የጣሪያውን መተንፈሻ፣ በሁለት ወገን የሚከፈት መስኮትንና ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የጣሪያ ጠርዝን ተመልከቱ። ነገር ግን ይህ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ «ነገ ተመለስ» እንዳይሆን እለምናለሁ። አቅም የሌለውን ሰው ፈቃድ ከመከልከል ይልቅ በቢሯችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ገጽ ሥዕል ለጥፋችሁ ብታሳዩት ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ግንበኛውም አይቶ ይማርበታል። ችግኝ የምታዘጋጁ ወገኖችም በአረንጓዴ አሻራ ጊዜ ለተራራው ብቻ ሳይሆን ለግቢ የሚሆን ኒምና ማንጎ መድቡ።

አከራዮችንም አንድ ቃል ልንገራቸው። ተከራይ የሰው ቤት ጣሪያ አይቀባም፤ ቢቀባም «ቤቱ አማረ» ተብሎ ኪራይ እንዳይጨመርበት ይፈራል። ስለዚህ የሰርቪስ ቤቱን ቆርቆሮ መቀባትና በጆንያም ቢሆን ኮርኒስ መሥራት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ቀለሙ ዝገቱንም ስለሚከላከል ቆርቆሯችሁ ዕድሜ ያገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ትምህርት ቤቶች። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት በየቦታው እየተጠገኑና እንደገና እየተሠሩ ነው፤ ጣሪያቸው ሲለወጥ ቀለሙን ነጣ ማድረግ፣ ኮርኒስና መተንፈሻውን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት አሁን ይቻላል፣ ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ግን በጀት የለም ይባላል። 60 ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ከቀትር በኋላ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው የሚማሩት ነገር ጥቂት ነው፤ መምህሩም ያውቀዋል።

ሐሳቤን በሥራ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። በመጪው ጥር፣ በልጉ ሳይጀምር፣ ከከተሞቻችሁ አንዱ አንድ ትምህርት ቤት ይምረጥና ከሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች የአንዱን ጣሪያ እንቀባ፤ ቀለሙን ከተማው ያቅርብ፣ የእጅ ሥራውን እኔና አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ያለ ክፍያ እንሠራለን። በሁለቱም ክፍሎች ቴርሞሜትር ይሰቀልና ግንቦት ላይ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንብቡት፤ ውጤቱም ምንም ይሁን ምን በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የኮምቦልቻ ቤት ሠሪ